አንድ ለሰማንያ ሰባት

ለገሃር ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቴ ጣቢያውን አሻግሮ የሚያይ፣
የሳልሳ ቆርቆሮ በመቀስ ቀድጄ
ሃያ ሰባት ቁጥርን ልወልደው በእጄ
ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ።

ሚዛኑ አይምርም፤ አንድ ለሰማንያ ሰባት።
የሐዲዱ ስፋት፣ ያ ሙሉ አንድ ሜትር፣
አሥራ ሁለት ሚሊ ሆኖ ጣቴ ሥር ያድር፤
ረጅም የተባለ ሰው ሁለት ሳንቲ ይሆናል፤
ቁጣው፣ ሆዱ፣ ዕዳው ሁሉ አብሮት ይቀንሳል።
ሪቤቱን በመርፌ ጫፍ ከውስጥ ወደ ውጭ ነክቼ፣
እንደ ብርድ ሽፍታ በቆዳው ላይ አውጥቼ፣
መቶ አርባውን ስቆጥር ሰማንያው ላይ ተሳሳትኩ፤
ቆርቆሮውን ጣልኩ። ሌላ ሳልሳ ከፈትኩ።
ፓስታ ስበላ ከረምኩ።

ምናለሽ ተራ ነው የመለዋወጫዬ በር፤
የራዲያተሩ መረብ የሻይ ማጥለያ ነበር፤
የጎማው ሞላ፣ ቀለሙ ካለቀ እስክሪብቶ፤
የእጅ መደገፊያው የክራር ሽቦ፣ በፒንሳ ተገርቶ፤
ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ደግሞ
ፒያሳ ያለው ሰዓት ሠሪ ከወዳደቀ ጥርስ ለቅሞ
የሰጠኝ ነው።

ያለኝ ፎቶ አንድ ነው፤ ቀኝ ጎኑን ብቻ ያሳያል፤
አሥራ አራት መተንፈሻ በተርታ ይቆጠራል።
ግራውም ይኸው ነው ብዬ አሥራ አራት ቀደድኩኝ፣
በምላጭ፣ ትንፋሼን ይዤ፤ ሁለት ጣቴን ቆረጥኩኝ።

ጋሽ ዘርጋው ደረጃውን በሦስት ዕረፍት ወጣ፤
ዓይኑን ሞራ ወርሶት፣ በጣቱ ሊያይ መጣ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት የዚህ ባቡር ነጂ።
«ስጠኝ» አለ። መዳፉ ላይ እንደ ጫጩት አጋደመው፣
በአውራ ጣቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ደባበሰው።
ከንፈሩ ይቆጥራል። አሥራ ሦስት ላይ ቆመ።
«ይቺ ከየት መጣች?» አለ፤ ፊቱ ጨለመ።

«አሥራ አራተኛዋ ግራው ላይ የለችም፤
አዋሽ ላይ ሲቃጠል ደፈንናት፣ ዳግም አልተከፈተችም።
ሰሃን የሚያህል ላሜራ፣ የችኮላ ብየዳ፤
ቆንጆ አልነበረም፤ ግን አደረሰን፣ ማለዳ።»

ተከራከርኩት። ንድፉን፣ ማስመሪያዬን አወጣሁ፤
«ፋብሪካው አሥራ አራት ነው» እያልኩ ብዙ አወራሁ።
ሳቀ። «ፋብሪካው ባሕር ማዶ ነው ያለው፤
እኔ የምነግርህ እዚህ የነበረውን ነው።»

ቀለሙን ጠየቅሁት። «አረንጓዴ። ግን ልብ በል፣
ሁለቱን ጎን አንድ ዓይነት ቀብተኸው፣ እንዳትታለል፤
ዞሮ አያውቅም፤ ሲሄድ በአፍንጫው፣ ሲመለስ በጀርባው፣
የደቡቡን ጎን ነው ዕድሜ ልክ ፀሐይ የበላው።
አንዱ ጎን ጥሬ ጎመን፣ አንዱ የደረቀ ሣር፤
የመተሐራን አቧራ ደግሞ አልብሰው፣ ከሥር።
ደረጃው? የታችኛዋ ጠማማ ናት፣ በግመል።
ግመሉ ሞተ። እኛ ቆምን። ባለቤቱ… ይህስ ይዘለል።»

ፒንሳ አንስቼ ሳምንት ያቀናኋትን ደረጃ
አጣመምኳት።

በመስኮቱ ማዶ ቀላሉ ባቡር በድልድዩ አለፈ፣
ያለ ጭስ፣ ያለ ጡሩምባ፣ ወደ ሜክሲኮ ከነፈ።
ጋሽ ዘርጋው ጆሮውን አቀና፤ ቆየ።
«ይኼስ በምን በኩል ይተነፍሳል?»

ሊወጣ ሲል፣ በሩ ላይ፣ «መስኮቷን እንዳትዘጋት» አለ፤
«ክረምት ከበጋ ክፍት ናት፤ ክርኔ ነበር እዛ የዋለ።»

ማታ፣ በአምፖል፣ ከነጂው መስኮት ሥር፣ በግራ፣
በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ፣ ከትንኝ ክንፍ በማትሰፋ ስፍራ፣
አረንጓዴውን ፋቅሁት፣ ብረቱ ብልጭ እስኪል።
ጎረቤቴ ማጉያ ይዞ ፈለጋት። «የታለች?» ሲል
ዝም አልኩት።

ሐዲዴ አርባ ሳንቲ ነው፤ ጠረጴዛው ጫፍ ያበቃል።
ነገ የፊት መብራቱን እይዛለሁ፤
ግራው ትንሽ ይንሸዋረራል፣ ብሎኛል።